በብስክሌት እስከ ቶሮንግ ላ፦ የብዙ ቀናት የከፍተኛ ተራራ ውድድር መመሪያ

በኔፓል የአናፑርናን ተራሮች የሚዞረው መንገድ ከፍተኛ ነጥቡ ቶሮንግ ላ ይባላል፤ ከፍታውም 5,416 ሜትር ነው። «ላ» በቲቤት ቋንቋ፣ እኛ ጣርማ በር ስንል «በር» የምንለው ዓይነት፣ በሁለት ተራሮች መካከል ያለ መሻገሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረው ያክ አታክ የተሰኘ የተራራ ብስክሌት ውድድር የታወቀው ተወዳዳሪዎቹን በዚህ በር በማሻገሩ ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው በአንድ ቀን አራትና አምስት ሰዓት ያለ ችግር ለሚነዳ፣ ነገር ግን ለተከታታይ ቀናት ተወዳድሮ ለማያውቅ አንባቢ ሲሆን፣ ምሳሌው የአናፑርና መንገድ ቢሆንም አብዛኛው ነገር ለማንኛውም የከፍተኛ ተራራ ውድድር ይሠራል።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። በአንድ ቀን ውድድር ሰው ያለውን ሁሉ አሟጦ መጨረሻው ላይ ሊወድቅ ይችላል፤ በብዙ ቀናት ውድድር ግን የሚደረገው ነገር ሁሉ፣ አበላልም ሆነ አለባበስ፣ የሚመዘነው ነገ ጠዋት ሰውየውንና ብስክሌቱን በምን ሁኔታ ላይ እንደሚያገኛቸው ታስቦ ነው።

መንገዱን በከፍታ ያንብቡ

አብዛኛው ሰው የውድድሩን ዝርዝር ሲያገኝ መጀመሪያ የሚፈልገው ኪሎ ሜትሩን ነው፤ በዚህ መንገድ ላይ ግን ኪሎ ሜትር ብዙም አይናገርም። መንገዱ ወደ 760 ሜትር ከፍታ ላይ ካለችው ከቤሲሳሃር ተነሥቶ የማርስያንግዲን ወንዝ ሽቅብ በመከተል ወደ ቻሜ (2,670 ሜትር ገደማ)፣ ቀጥሎም ወደ ማናንግ (3,540 ሜትር)፣ ከዚያም የበሩ እግር ወደሆነችው ወደ ቶሮንግ ፌዲ (4,450 ሜትር ገደማ) ይወጣል። ከበሩ ማዶ ወደ ሙክቲናት፣ ወደ ካግቤኒና ወደ ጆምሶም ወርዶ የካሊ ጋንዳኪን ሸለቆ ይዞ 1,190 ሜትር ላይ እስካለችው ታቶፓኒ ይዘልቃል። የየቀኑ አከፋፈል ከውድድር ውድድር ሊለያይ ይችላል፤ የተራራው ቅርጽ ግን ያው ነው።

አንድ ቁራጭ ነጭ ፕላስተር በብስክሌቱ አግዳሚ ብረት ላይ ይለጥፉና ለእያንዳንዱ ቀን ሦስት ቁጥሮች በማይለቅ ቀለም ይጻፉበት፦ የመነሻውን ከፍታ፣ የዕለቱን ከፍተኛ ነጥብና የመኝታውን ከፍታ። ከሦስቱ አጥብቀው ሊጠነቀቁት የሚገባው የመጨረሻው ነው። ከፍታ ሰውን በአብዛኛው የሚጎዳው ደርሶ በተመለሰበት ቦታ ሳይሆን ባደረበት ቦታ ነውና።

ደገኛ ነኝ ብለው አይመኩ

ይህን ክፍል አስረዝሜ የምጽፈው እኔው ራሴ ስለተሳሳትኩበት ነው። ተወልጄ ያደግሁት ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነ የኔፓል ተራራ ከአውሮፓ ዝቅተኛ ከተሞች ለመጡት እንጂ ለእኔ አዲስ የማይሆን መስሎኝ ነበር። እስከ 3,000 ሜትር ድረስ ግምቴ ትክክል ነበር፤ ሌሎቹ ሲያለከልኩ እኔ እያወራሁ ነዳሁ። ማናንግ በደረስን ማታ ግን ሳህኔ ላይ ያለውን ሩዝ ግማሹን እንኳ መጨረስ አቃተኝ። እዚያ ሁሉም «ዲዲ» የሚሏቸው፣ እኛ እትዬ እንደምንለው መሆኑ ነው፣ የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ሳህኑን አይተው ራሴን ያመኝ እንደሆነ ጠየቁኝ። ያመኝ ነበር፤ ከቀትር ጀምሮ አሞኛል፤ ግን የራስ ቁሩ ማሠሪያ ጠብቆብኝ ነው ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር።

በቶሮንግ ላ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ በአዲስ አበባ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ መኖር የመንገዱን ከፊል አስቀድሞ ማስለመዱ እውነት ነው፤ ቀሪው ግን ለማንም የሚዘለል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮች የደማቸው ሄሞግሎቢንና የኦክስጅን መጠን በባሕር ጠለል ከሚኖሩ ሰዎች ጋር ተቀራራቢ መሆኑን አሳይቷል፤ ከፍታውም ከማናንግ ጋር እኩል ለማለት ይቻላል። ይህን ጥናት በኩራት የሚጠቅሱ ወዳጆች አሉኝ። ጥናቱ የተደረገው ግን በዚያ ከፍታ ተወልደው በኖሩ ሰዎች ላይ ነው፤ ቦሌ ወይም ዋሽንግተን ተቀምጦ ያደገ ሰው ከእነርሱ ጋር የጋራ ቅድመ አያት አለኝ ብሎ 5,000 ሜትር ላይ ሊፎክር አይችልም።

ሐኪሞች ለተራራ ተጓዦች የሚሰጡት የተለመደ ምክር ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታን ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመርና በየሦስት ወይም አራት ቀኑ አንድ ቀን እዚያው ከፍታ ላይ አርፎ መዋል ነው። ውድድር ይህን ልክ ሁልጊዜ አያከብርም። ከቻሜ ተነሥቶ ማናንግ ማደር ብቻውን የ870 ሜትር ጭማሪ ነው። ስለዚህ ሰውነትን ቀድሞ ማለማመድ የእርስዎ ፋንታ ይሆናል። ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ አንድ ሳምንት አተርፈው ይሂዱና ከ3,000 ሜትር በላይ ባሉ መንደሮች እየተራመዱ ይደሩ። አገር ቤት ያለ ሰው ይህንኑ በሰሜን ተራሮች ወይም በባሌ ሊያደርገው ይችላል።

ምልክቶቹን በቃልዎ ይያዙ። ራስ ምታት ከምግብ መጥላት፣ ከማቅለሽለሽ ወይም ከእንቅልፍ ማጣት ጋር ከመጣ፣ ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ የከፍታ ሕመም ነው ብለው ይቁጠሩት፤ ምልክቱ እስኪጠፋም ከዚያ በላይ ወጥተው አይደሩ። ሰውየው ቀጥ ባለ መስመር ላይ ተረከዙን ከጣቱ እያገናኘ መራመድ ካቃተው ወይም ንግግሩ ከተምታታ አንጎሉ እያበጠ ሊሆን ይችላል። ተቀምጦ እያለ ትንፋሽ ካጠረው፣ በተለይም ሳልና አረፋ ያለው አክታ ከተጨመረበት፣ ሳንባው ውኃ እየቋጠረ ሊሆን ይችላል። በሁለቱም ጊዜ ሌሊትም ቢሆን ወዲያውኑ ወደ ታች መውረድ ነው እንጂ እስኪነጋ መጠበቅ የለም። ማናንግ ውስጥ የሂማላያ ነፍስ አድን ማኅበር የጤና ጣቢያ አለ፤ በተጓዦች ወቅት ከሰዓት በኋላ ስለ ከፍታ ሕመም ገለጻ ይሰጣል፤ ቢደክሙም ገብተው ይስሙት። በየማረፊያው የሚቀርበው የነጭ ሽንኩርት ሾርባ ጥሩ ምግብ ነው፤ ከመድኃኒት ግን አይቆጠርም።

ስለ መድኃኒት ብዙ ተወዳዳሪ የማያውቀው አንድ ወጥመድ አለ። ለመከላከያ በሰፊው የሚታዘዘው አሴታዞላማይድ፣ በገበያ ስሙ ዳያሞክስ፣ አብዛኛውን ጊዜ 125 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ የሚወሰድ ሲሆን፣ ሽንት አመንጪ በመሆኑ የዓለም ፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ በማናቸውም ጊዜ ከከለከላቸው መድኃኒቶች አንዱ ነው። በአገርዎ ፌዴሬሽን የተመዘገቡ ተወዳዳሪ ከሆኑ ሐኪም ስላዘዘልዎ ብቻ ንጹሕ ነኝ ማለት አይችሉም፤ አስቀድመው የሕክምና ፈቃድ መጠየቅ አለብዎ። ለደስታው የሚወዳደር ሰውም ቢሆን ለሰልፋ መድኃኒቶች አለርጂ እንዳለው ለሐኪሙ ሳይናገር አይውሰደው።

ልምምዱ

ከውድድሩ አራት ወር ገደማ ቀደም ብለው ይጀምሩ። ዋናው ነገር በሳምንት የሚነዱት ሰዓት ብቻ ሳይሆን ሰዓቶቹ መያያዛቸው ነው። ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ነድቶ እሑድ ተኝቶ የሚውል ሰው ለአንድ ቀን ውድድር ይዘጋጃል፤ ቅዳሜ አራት፣ እሑድ አራት፣ ሰኞ ማለዳ ደግሞ ሁለት ሰዓት የሚነዳ ሰው ግን በደከመ እግር ኮርቻ ላይ መውጣት ምን እንደሚመስል ይማራል። ከውድድሩ አምስትና ስድስት ሳምንት ሲቀር ለአራት ተከታታይ ቀናት የሚዘልቅ አንድ ጉዞ ያድርጉ፤ ልብሱንም፣ ምግቡንም፣ የማታውን ሥራም እንደ ውድድሩ አድርገው ይፈትኑበት።

በኢትዮጵያ ለዚህ ከጎባ ወደ ሳነቲ አምባ ከሚወጣው መንገድ የተሻለ አላውቅም። ከ2,700 ሜትር በላይ ተነሥቶ 4,000 ሜትር የሚደርስ ረጅም አቀበት ሲሆን፣ ከዚያ ወደ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ፣ 4,377 ሜትር ድረስ፣ ተሽከርካሪ የሚወጣበት ጥርጊያ አለ። የብሔራዊ ፓርክ ክልል ስለሆነ መግቢያ ይከፈላል፤ ቀይ ቀበሮዎች መንገዱን ስለሚያቋርጡም ቁልቁለቱን ቀስ ብለው ይውረዱ። ለአዲስ አበባ ሰው የየሳምንቱን ሥራ እንጦጦ ይበቃዋል። ኮሎራዶ ያላችሁ ደግሞ ወደ 3,100 ሜትር ላይ ያለችው ሌድቪል ቅርባችሁ ናት።

በየሳምንቱ አንድ ቀን ደግሞ ብስክሌቱን ይሸከሙ። ተወዳዳሪዎች የሚሥቁበትና በኋላ የሚጸጸቱበት ነገር ይህ ነው። ከፌዲ እስከ በሩ ያለው ወደ 970 ሜትር የሚጠጋ አቀበት አብዛኛው የሚገፋ ወይም የሚሸከሙት እንጂ የሚነዱት አይደለም። አሸካከሙ እንዲህ ነው፦ ብስክሌቱን በጎንዎ አቁመው አንድ እጅ የፊቱን ሹካ፣ ሌላው ደግሞ የፔዳሉን ክንድ ይይዛል፤ ከዚያ አንሥተው አግዳሚው ብረት ከማጅራትዎ በታች በጀርባ ሻንጣው አናት ላይ እንዲያርፍ ያደርጋሉ። የፊቱ ጎማ እንዳይዞርና ፊትዎን እንዳይመታ አስቀድመው በላስቲክ ከብረቱ ጋር ያስሩት። ሃያ ደቂቃ ደረጃ ወይም ዳገት ላይ በዚህ ዓይነት መውጣት ትከሻውንም የእግሩን ባትም ያለማምዳል።

ወረቀቱ

ኔፓል ለብዙ አገሮች ዜጎች ካትማንዱ ሲደርሱ ቪዛ ትሰጣለች፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ግን ይህን ዕድል ከማያገኙት ጥቂት ፓስፖርቶች አንዱ ስለሆነ ቪዛውን ከኔፓል ኤምባሲ አስቀድሞ ማውጣት ግዴታ ነው። የአሜሪካ ወይም የአውሮፓ ፓስፖርት የያዙ ወገኖች ይህ ችግር የለባቸውም። አብረው የሚሄዱ ጓደኛሞች ፓስፖርታቸው የተለያየ ከሆነ ትኬት ከመግዛታቸው በፊት ይህን ያስቡበት። ከቪዛው በተጨማሪ ለአናፑርና ጥብቅ ቀጠና የመግቢያ ፈቃድ ያስፈልጋል። ኢንሹራንሱን በተመለከተ ሁለት ጥያቄ በጽሑፍ ይጠይቁ፦ እስከ ስንት ሜትር ከፍታ ይሸፍናል? የብስክሌት ውድድርንስ ይጨምራል? ብዙ ውሎች ከበሩ በታች ባለ ከፍታ ያበቃሉ፤ ሄሊኮፕተር የሚያስፈልገው ደግሞ ከዚያ በላይ ነው።

ብስክሌቱ

ቀላል ብስክሌት ጥሩ ነው፤ በቀላሉ የሚጠገን ብስክሌት ግን ይበልጣል። ከፊት አንድ ባለ 30 ወይም 32 ጥርስ፣ ከኋላ ትልቁ 51 ወይም 52 ጥርስ ያለው ማርሽ ለዚህ አቀበት ይስማማል። በሜዳ ላይ ፍጥነት ያሳጣኛል ብለው ትልቅ የፊት ጥርስ የሚያስገቡ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ሦስተኛው ቀን ላይ ከእኔ ጋር እኩል ሲገፉ አይቻቸዋለሁ።

ጎማው ያለ ካላማዳሪ፣ በማሸጊያ ፈሳሽ የሚሠራ ይሁን፤ ሆኖም ጎኑ በስለታም ድንጋይ ሲቀደድ ፈሳሹ አያድነውምና ሁለት ካላማዳሪ መያዝ አይቀርም። አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በዝቅተኛ ቦታ የተነፋ ጎማ ከፍ ሲል የውጭው ግፊት ስለሚቀንስ ይጠነክራል። ካትማንዱ በ1.6 ባር የነፉት ጎማ በሩ ላይ፣ ብርዱ በከፊል ባያካክሰው፣ ወደ 0.3 ባር ይጨምርና ጠጠር ላይ መንሸራተት ይጀምራል። ቁልቁለቱን ከመጀመርዎ በፊት በእጅዎ ተጭነው ይፈትሹት፤ ከጠነከረም ቫልቩን ነካ ነካ አድርገው ያስተንፍሱት።

ፍሬኑ ከሁሉም በላይ ትኩረት ይፈልጋል። ከበሩ እስከ ጆምሶም ያለው ቁልቁለት ወደ 2,700 ሜትር ይደርሳል። ከመነሳትዎ በፊት የፍሬኑ ዘይት ይቀየር፣ ሸራው አዲስ ይሁን፣ ሁለት መለዋወጫ ጥንድም ይያዙ። በጭቃና በውኃ ቶሎ የማያልቀው ከብረት ዱቄት የተጋገረው ሸራ ነው፤ ትንሽ ይጮኻል፤ ይጩህ። ሸራው ተበልቶ ውፍረቱ ወደ 1 ሚሊ ሜትር ከተጠጋ በማግስቱ ያደርሰኛል ሳይሉ ማታውኑ ይቀይሩት። በአንድ ዓመት ከአንድ ሱቅ ተከራይቼ የወሰድኩት ብስክሌት የኋላ ሸራው ካቴና ሲቀባ በተረጨ ዘይት ተነክሮ ነበር። እኔም ሳልፈትሽ ተቀብዬ የመጀመሪያው ረጅም ቁልቁለት ላይ እጄን ብጨብጥ ብጨብጥ ብስክሌቱ መፍጠኑን አልተወም። ወደ ተራራው ጥግ ገፍቼ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባሁ። ዘይት የጠጣ ሸራ ተጠርጎ አይድንም፤ ተጥሎ በአዲስ ይተካል። ካቴና ሲቀቡም መርጫ ሳይሆን በጠብታ የሚወርድ ዘይት ይጠቀሙ።

በመሣሪያ ከረጢቱ ውስጥ የካቴና መቁረጫና ሁለት የካቴና ማያያዣ፣ የብሎን መፍቻዎች፣ ፖምፓ፣ ለእርስዎ ቸርኬ ልክ የሆኑ ጥቂት ራጂዎች፣ የፕላስቲክ ማሠሪያዎች፣ እንዲሁም የኋላው ማርሽ መቀየሪያ የሚታሠርበት ትንሽ ጆሮ ይግቡ። ይህ ጆሮ ብስክሌቱ በቀኝ ጎኑ ሲወድቅ ሆን ተብሎ ቀድሞ እንዲታጠፍ ወይም እንዲሰበር የተሠራ ነው፤ ልኩ ከብስክሌት ብስክሌት ስለሚለያይም በመንገድ ላይ የሌላ ሰው ተውሰው አይገጥምልዎም። ብስክሌቱን ለአውሮፕላን ሲያሽጉ የግራው ፔዳል ጥርሱ የተገላቢጦሽ እንደሆነና ሲፈታ ወደ ቀኝ እንደሚዞር አይርሱ። ጎማዎቹን ሲያወጡም በፍሬን ሸራዎቹ መካከል ወፍራም ካርቶን ያስገቡ፤ አለበለዚያ በመንገድ መያዣው ከተጨበጠ ሸራዎቹ ይገጥሙና አይላቀቁም።

ስንቁ

በውድድር ላይ ሰውነት በሰዓት ከ60 እስከ 90 ግራም ካርቦሃይድሬት ይፈልጋል፤ ከ3,500 ሜትር በላይ ደግሞ የምግብ ፍላጎት ስለሚጠፋ ይህን መጠን መዋጥ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ስለዚህ ምግብን በረሃብ ሳይሆን በሰዓት ይመሩት፤ በየ20 ደቂቃው የሚጮኽ ሰዓት ይሙሉ።

ከአገር ቤት የሚያዝ ስንቅ እዚህ ቦታውን ያገኛል። በሶ በደንብ ተነፍቶ፣ በቀጭኑ ተበጥብጦ፣ ማርና ትንሽ ጨው ሲገባበት ጥሩ የመንገድ መጠጥ ነው፤ 80 ግራም በሶ ከ50 ግራም በላይ ካርቦሃይድሬት ይሰጣል። ወፍራም አድርጎ መበጥበጥ ግን ሆድ ይነፋል፤ ከፍታው ራሱ ሆድ ይነፋልና ሁለቱ አንድ ላይ አይሆኑም። ጭኮ በብርዱ አይበላሽም፣ ጉልበቱም ብዙ ነው፤ ቅቤው ግን ቶሎ ስለማይፈጭ በጉዞ ላይ ሳይሆን ማታ ከእራት በኋላ ቢበላ ይመረጣል። ቆሎ ትንፋሽ እያጠረ አይበላም፤ ሞክሬ ታንቄያለሁ። የማረፊያዎቹ ዋና ምግብ ዳል ባት ነው፤ ሩዝ ከምስር ወጥና ከአትክልት ጋር ይቀርባል፤ በልማዱም ሳህኑ ሲጎድል ይጨመርልዎታል። የሚጾም ሰው ቅቤ እንዳይገባበት አስቀድሞ ከተናገረ ቀኑን ሙሉ በዚህ ሊኖር ይችላል።

ውኃ ሳይፈላ ወይም በመድኃኒት ሳይታከም አይጠጣ። ከወደቁት ይልቅ ሆዳቸው ተበላሽቶ ያቋረጡ ብዙ ሲሆኑ አይቻለሁ፤ ከምግብ በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ ከማንኛውም ውድ ጎማ የተሻለ ጥቅም ይሰጣል።

በውድድሩ ቀናት

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጡ መናገር በሚችሉበት ጉልበት ይንዱ። ሌሎች ጥለውዎት ሲሄዱ መታገስ ያስቸግራል፤ ቢሆንም ይታገሡ። ከ1,500 ሜትር በላይ ሰውነት ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙ በየ100 ሜትሩ በግምት አንድ በመቶ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከታች ቀላል የነበረው ፍጥነት ማናንግ አጠገብ ሩጫ ይሆናል። የኃይል መለኪያ ያላቸው ሰዎች ቤት የለመዱትን ቁጥር እዚያ ቢያሳድዱ ራሳቸውን ያቃጥላሉ፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ቁጥሩን ሸፍኖ ትንፋሽን መስማት ይሻላል።

መንገዱ የሌሎችም መንገድ ነው። ጭነት የያዙ የበቅሎ መንጋዎች ሲመጡ ወርደው በተራራው ጥግ በኩል ይቁሙ፤ በገደሉ በኩል የቆመን ሰው ከጭነቱ ጎን የወጣ እንጨት ወይም የጋዝ ሲሊንደር ገፍቶ ሊጥለው ይችላል። የብረት ተንጠልጣይ ድልድዮች ላይ በቅሎ ከገባች እስክትወጣ ይጠብቁ። የጸሎት ቃል የተቀረጸባቸው የድንጋይ ግንቦች መንገዱን ለሁለት ሲከፍሉት ግንቡን በቀኝዎ ትተው በግራ በኩል ይለፉ፤ ያገሩ ሰው ሥርዓት ነው።

ማታ ከመድረሻው መስመር በኋላ ያለው አንድ ሰዓት የማግስቱ ውድድር መጀመሪያ ነው። መጀመሪያ ይብሉ፤ ከመቀመጥዎ በፊት ካቴናውን ጠርገው ይቀቡ፤ ሸራዎቹንና ብሎኖቹን ይፈትሹ፤ ከዚያ ገላዎን፣ በተለይ ኮርቻ የሚነካውን ክፍል፣ በሳሙና ታጥበው ደረቅ ልብስ ይልበሱ። የብስክሌቱን ቁምጣ ለብሶ ሻይ እየጠጡ ማምሸት በሦስተኛው ቀን ቁስል ሆኖ ይመለሳል። ከማናንግ ጀምሮ የውኃ ማጣሪያው፣ የመብራቱ ባትሪና ስልኩ ከእርስዎ ጋር በመኝታ ከረጢቱ ውስጥ ይደሩ። ማጣሪያ አንዴ ውስጡ ያለው ውኃ በረዶ ከሆነ ይሰነጠቃል፤ ከውጭ ግን ደኅና ይመስላል።

የበሩ ቀን

ከፌዲ የሚነሱት ሳይነጋ ነው፤ ምክንያቱም ቀኑ ሲገፋ በሩ ላይ ነፋሱ ይበረታል። ሌሊቱን ብዙ ላይተኙ ይችላሉ፤ አይጨነቁበት፤ በዚያ ከፍታ ሰው ሁሉ እየነቃ ነው የሚያድረው። ከውኃ ከረጢት በቱቦ መጠጣትን ለዚህ ቀን ይተዉት። እኔ ቱቦውን በልብስ ጠቅልዬ ነበር፤ ከተነሳን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጫፉ በረዶ ሆኖ ጀርባዬ ላይ ሁለት ሊትር ውኃ ተሸክሜ ተጠማሁ። ሰፊ አፍ ባለው ኮዳ ሙቅ ውኃ ሞልተው በካልሲ ጠቅልለው ከጃኬትዎ ውስጥ ይያዙት፤ ኮዳውንም ገልብጠው ያኑሩት፤ በረዶ ከላይ ስለሚጀምር አፉ አይዘጋም።

ጫማው ጥርስ ያለው መራመጃ ጫማ ይሁን፤ በረዶ ካለም ከሥር የሚጠለቅ የብረት ጥፍር ያስፈልጋል። እርምጃውን ከትንፋሽ ጋር ያስማሙ፤ አንድ እርምጃ፣ አንድ ትንፋሽ። መንዳት በሚቻልበት አጭር ሜዳ ላይ እንኳ መውጣትና መውረዱ ልብን ስለሚያስጨንቅ፣ ሃያ ሜትር ለመንዳት ብለው አይውጡ። ልብስ ላብ ሳይመጣ ይቀነስ፤ ላብ የነካው ልብስ በሩ ላይ ቆርፍዶ ይቆማል።

ሰማዩ ከተለወጠ ወይም አዘጋጆቹ ተመለሱ ካሉ ይመለሱ። በጥቅምት 2014 እ.ኤ.አ. የሕንድን የባሕር ዳርቻ የመታው የሁድሁድ አውሎ ነፋስ ቅሪት በዚህ አካባቢ ድንገተኛ የበረዶ ማዕበል አውርዶ ቢያንስ 43 ሰዎች ሞተዋል፤ ብዙዎቹም በቶሮንግ ላ ዙሪያ የነበሩ ተጓዦችና ረዳቶቻቸው ናቸው።

ቁልቁለቱና ነፋሱ

ከበሩ ላይ ፎቶ ካነሱ በኋላ ሳይዘገዩ ንፋስ መከላከያውንና ወፍራሙን ጓንት ለብሰው ኮርቻውን ዝቅ ያድርጉ። እስከ ሙክቲናት ብቻ ከ1,600 ሜትር በላይ ይወርዳሉ። ፍሬኑን ሳይለቁ መያዝ ዘይቱን ያፈላውና መያዣው እጅ ላይ ይላላል፤ ስለዚህ በቀጥታው ላይ ይልቀቁት፣ ከመታጠፊያው በፊት አጥብቀው ለአጭር ጊዜ ይያዙት፣ ከዚያ እንደገና ይልቀቁት። መያዣው ከላላ ቆመው አሥር ደቂቃ ያብርዱት፤ ዲስኩን ግን በጣትዎ አይንኩት፣ ቆዳ ያነሳል። በብርድ የደነዘዘ ጣት ምን ያህል እየጨበጠ እንደሆነ አያውቅም፤ በየአምስት ደቂቃው ቆሞ ጣትን ማሟሟቅ የጠፋ ጊዜ አይደለም።

ከካግቤኒ በታች የካሊ ጋንዳኪ ሸለቆ በዳውላጊሪና በአናፑርና መካከል ያለ ጥልቅ ገደል ነው። ረፋዱ ላይ ከደቡብ የሚነሳ ነፋስ እስከ ማታ ሽቅብ ይነፍስበታል፤ ወደ ጆምሶም የሚበርሩት አውሮፕላኖች ጠዋት ብቻ የሚሠሩትም በእርሱ ምክንያት ነው። እርስዎ ወደ ታች ሲሄዱ ነፋሱ ፊት ለፊት ይመጣልና ቁልቁለት ላይ እንኳ ፔዳል መምታት ግድ ይሆናል። በዚህ ቀን ብቻ መነሻ ላይ ለመፍጠን ምክንያት አለ፦ ነፋሱ ሳይነሳ የሚሄዱት እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ከቀትር በኋላ ካለው ይቀልላል። ካልሆነም ከሦስትና ከአራት ሰው ጋር ተሰልፈው እየተፈራረቁ ከፊት ይውጡ፤ የወንዙ ዳር አቧራ ዓይን ስለሚያጠፋ መነጽርና የአፍ መሸፈኛ ያድርጉ።

ታቶፓኒ ማለት በኔፓል ቋንቋ ሙቅ ውኃ ማለት ነው፤ ከወንዙ ዳር የፍልውኃ ገንዳዎች አሉ። ኮርቻ ያቆሰለው ገላ ካለዎት ግን ቁስሉ እስኪደርቅ ገንዳው ውስጥ አይግቡ፤ እግርዎን ብቻ ነክረው ይቀመጡ፤ ብስክሌቱንም በዚያው ምሽት አጥበው ሸራዎቹን ይዩ፤ ከበሩ ወዲህ ምን ያህል እንደተበሉ ያኔ ያያሉ።